አባትየውስ?

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። የምተርክላችሁ የአንድ ፎርማን ነገር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም አታገኙትም። አንዱን አባት ከቱሉ ዲምቱ፣ አንዱን ከጀሞ፣ ሌላውን ከአያት እያመጣሁ በአንድ ሰው ገላ ያስገባሁት ነው። በመሀል የምጠራቸው ቁጥሮችና ተመራማሪዎች ግን የምር ናቸው፤ በእነሱ ላይ አንዳች አልጨመርኩም።

ፎርማኑ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ሊፍት የለም። ውኃ በፈረቃ ናት፤ ያውም ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት ትመጣለች፣ ጉልበቷም ከሁለተኛ ፎቅ አያልፍም። ስለዚህ ጄሪካኑን ተሸክሞ ደረጃውን የሚወጣው የሚወርደው እሱ ነው። ትልቋ ልጁ ሚጣ ሦስት ዓመቷ ነው። ማታ ከሳይት ሲገባ ሲሚንቶ የጠጣውን ጫማውን በሁለት እጇ እየጎተተች የምታወልቅለት እሷ ናት። ጫማው ሲወልቅ ወደ ኋላዋ ዘፍ ትላለች፤ እሱም «ወይኔ ሚጣ ወደቀች!» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ይህን ያዙልኝ።

ሁለተኛው ልጅ ተወለደ። ወንድ ነው። እልልታው ደረጃውን ሞላው። የሚስቱ እናት ከደብረ ብርሃን ቅቤና በሶ ይዘው ደረሱ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ ጎረቤት ተጠራ። የመጣው ሁሉ መጀመሪያ ወደ መኝታ ቤት ጎራ ይልና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ሲወጣ ደግሞ ሳሎን ያገኘውን አባት «እንኳን ደስ ያለህ! ወንድ ነው አሉ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። አባት ወንበር ይዋሳል፣ ለስላሳ ሊገዛ ይወርዳል፣ ባዶ ጠርሙስ ሊመልስ ደግሞ ይወርዳል። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ስለሆነ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅድለት የአባትነት ፈቃድ ሦስት የሥራ ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ሳይት ላይ ቆሞ ፌሮ ይቆጥር ነበር።

የልጁን እግር መጀመሪያ ያየችው አዋላጇ ናት። ሁለቱም እግሮች ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ ውስጥ እግሩ ሽቅብ ያያል። «ቆልማማ ነው፤ ይታከማል፤ ቶሎ አምጡት» አለችው። እውነቷን ነው፣ ይታከማል። ይህ ነገር በወንዶች ላይ ከሴቶች እጥፍ ያህል ይታያል፤ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የሚባል ስፔን ተወላጅ ሐኪም አዮዋ ላይ ባዳበረው ዘዴ አብዛኛው ሕፃን ያለ ትልቅ ቀዶ ጥገና ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ግን ዘዴው ትዕግሥት ይጠይቃል። በየሳምንቱ እግሩን በእጅ ቀስ እያደረጉ ወደ ውጭ ይመልሱና ከጣት እስከ ታፋ በጀሶ ይይዙታል። አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴ ሰባት ጀሶ። ከዚያ የተረከዙን ጅማት በትንሹ ይበጡታል። ከዚያ ደግሞ በብረት ዘንግ የተያያዙ ሁለት ትንንሽ ጫማዎች አሉ፤ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት፣ ልጁ አራት ዓመት ገደማ እስኪሆነው።

አማትየው «ወጌሻ ቢያሸው አይሻልም ወይ ልጄ?» አሉ። ክፋት የላቸውም። አንዷ ጎረቤት ግን በቡናው መሀል ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ነፍሰ ጡር ሆና በቀትር ወጥታ ይሆናል» አለች። ዝቅ ማለቷ አልጠቀመም፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምን ይሸሽጋል? አራሷ ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጁን ታጠባዋለች፣ አታየውም። ገንፎው እፊቷ ይደርቃል። ስትጠየቅ «ምንም አልሆንኩም» ትላለች፤ ሌሊት ግን ታለቅሳለች። አማትየው «አራስ ናት፣ ያልፍላታል» ይላሉ።

ልጁን ለጀሶ የሚወስደው ታዲያ አባት ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ገና ሳይነጋ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ያደርግና ልጁን በክንዱ ታቅፎ እግሮቹን ይዘፈዝፋል። ጀሶው ሲርስ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ጫፉን በጥፍሩ ፈልጎ እንደ ፋሻ ይተረትረዋል። ከሥሩ የሚወጣው እግር የተሸበሸበ፣ ነጭና ትንሽ ነው። ፎርማኑ በሕይወቱ ስንት ኩንታል ሲሚንቶና ጀሶ አስቦክቷል! ይኼኛው ግን እጁን ያንቀጠቅጠዋል። ከዚያ በሁለት ታክሲ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወረፋ፣ ከዚያ አዲስ ጀሶ፣ ከዚያ የልጁ ለቅሶ። ሐሙስ ከደመወዝ ይቆረጣል።

አራተኛው ጀሶ ላይ ሥራው ቆመ። ሲሚንቶ ከገበያ ጠፋ፤ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። ኮንትራክተሩ «ሲሚንቶ እስኪገባ ድረስ እረፉ፤ እንደውልላችኋለን» አለ። የግንባታ ሰው ይህን አነጋገር ያውቀዋል፤ የሚደወል ስልክ አይደለም።

እዚህ ላይ ትረካውን ልግታና ወደ አሜሪካ ልሻገር። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሐኪሙ ማይክል ዋይትስማንና ባልደረቦቹ ልጅ የሚያሳድጉ የአሜሪካ አባቶችን መረጃ መርምረው በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትመው ነበር። ጥያቄያቸው የትኛው አባት ነው የድብርት ምልክት የሚታይበት የሚል ነው። ቀድሞ የመጣው ሥራ ማጣት ነው፤ ሥራ የሌለው አባት ዕድሉ ከስድስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ የልጁ እናት ራሷ በድብርት ውስጥ ስትሆን፣ ከአምስት እጥፍ በላይ። ከዚያ የአባትየው የራሱ አካላዊ ሕመም፣ ሦስት እጥፍ ገደማ። ከዚያ ድህነትና የተለየ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ መኖር ይከተላሉ፤ እነዚህ ብቻቸውን ቀለል ያሉ ናቸው። ያ ቁጥር የአሜሪካ ነው፤ እንዳለ አንሥቼ ቱሉ ዲምቱ ላይ አልተክለውም። ነገር ግን ፎርማናችን በሁለት ወር ውስጥ ከአምስቱ አራቱን ሰብስቧል። አምስተኛው ሕመሙ ነው፤ እሱም መንገድ ላይ ነው።

ሥራው መቆሙን ለሚስቱ አልነገራትም። እንዴት ብሎ? እሷ ያን ያህል ወድቃ! ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው ጫማውን አጥልቆ ይወጣል፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ መስቀል አደባባይ ይወርዳል፤ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ከሥሩ ስፖርተኛው ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ማታ ይመለሳል። ዕቁቡን ቀድሞ በልቶታል፤ ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ነበር የከፈለበት። አሁን በየሳምንቱ መጣል አለበት። ሰብሳቢው ሲደውል ስልኩን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ጓደኞቹ ዘንድ አይሄድም፤ ድራፍት ቤት ከገቡ ሒሳብ አለ፣ ቁም ነገር ካነሡ ደግሞ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ!» አለ። እኔ በበኩሌ ይህችን «ወንድ አይደለህ» የምትባል ነገር አልወዳትም። የሚናገራት ሰው ማጽናናቱ ይመስለዋል፤ የሰማት ሰው ግን ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

ሕመሙ በሆዱ መጣ። ያቃጥለዋል፣ ይነፋዋል፣ ምግብ ይዘጋዋል። ክሊኒክ ሄደ፤ «ጨጓራ ነው» ተባለና ኦሜፕራዞል ታዘዘለት። ጨረሰው፤ ሌላ ክሊኒክ ሄደ፤ ደግሞ ኦሜፕራዞል። ወገቡም ጀመረው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃል፤ ልጁ ቢተኛም ይነቃል። እንቅልፍ አጣህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሐኪም አልነበረም፤ እሱም ጨጓራና እንቅልፍ የሚገናኙ አልመሰለውም። ወንድ ሲደበር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። እንደ ሴቷ አያለቅስም፤ ይቆጣል፣ ይሸሻል፣ ይጠጣል፣ ወይም ሆዱን ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዞራል።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ጫማ መልሱልኝ። አንድ ማታ ከደረጃው፣ ማለቴ ከ«ሥራው» ተመለሰ። ሚጣ ሮጣ መጥታ ጫማውን ያዘችው፤ ጎተተችው፤ ወልቆ ወደ ኋላዋ ወደቀችና «ወይኔ ሚጣ ወደቀች!» አለች፤ እሱ ዝም ስላለ የእሱን ቃል ራሷ አለችለት። ጫማው በዘንጉ የታሰረውን የሕፃኑን እግር ነካው። ልጁ ጮኸ። ፎርማኑ ሚጣን በጥፊ መታት። በሕይወቱ መትቷት አያውቅም። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ አየችው ብቻ። በማግሥቱ ጫማውን ለመጎተት አልመጣችም።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተመራ አንድ ጥናት የአንድ ዓመት ልጅ ያላቸውን አባቶች ተመልክቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በድብርት ውስጥ ካሉት አባቶች ውስጥ 41 በመቶው ልጃቸውን በቅርቡ መምታታቸውን ተናገሩ፤ ድብርት ከሌላቸው 13 በመቶው። ሌላ ጥናት ደግሞ ክሬግ ጋርፊልድ የተባለ የቺካጎ የሕፃናት ሐኪም መርቶት፣ ከልጃቸው ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ወጣት አባቶች የድብርት ምልክታቸው በመጀመሪያዎቹ አምስት የአባትነት ዓመታት በአማካይ 68 በመቶ እንደሚጨምር አሳየ። አምስት ዓመት! እኛ ነገሩን የአራስ ቤት ጉዳይ አድርገን በክርስትና ማግሥት እንዘጋዋለን። ሕፃኑም ሚጣም በዚያ የዕድሜ ክልል ውስጥ ናቸው።

ሆርሞን ነው የሚል ወገንም አለ። ፊሊፒንስ ሴቡ ላይ 624 ወጣቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ወንዶች አባት ሲሆኑ ቴስቶስትሮናቸው እንደሚቀንስ አረጋግጧል። አልክድም። የፎርማኑን ነገር ለማስረዳት ግን እኔ ሆርሞን ፍለጋ አልሄድም፤ ሲሚንቶው ይበቃኛል።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም፤ እሱም ለማንም ስላልነገረ ነው። ማትሪክ የወደቀ ዓመት ፎርማኑ ከቤት አልወጣም ነበር። ወራት ሙሉ ተኝቶ፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ከሰው ሳይነጋገር። እናቱ ጠበል ወሰዱት፤ አጎቱ ደግሞ እጁን ይዞ ሳይት አስገባው፤ በዚያው ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። ቀድሞ በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ልጅ ሲወልድ እንደገና የመውደቅ ዕድሉ ከሌላው የበለጠ መሆኑን ባለሙያዎቹ ሁሉ ይስማሙበታል። «ከዚህ በፊት እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር በአንድ ደቂቃ የሚታወቅ ነበር።

አራት ወር ሞላ። አማትየው ወደ ደብረ ብርሃን ከተመለሱ ሰንብተዋል። ገንፎው አልቋል፤ «እንኳን ደስ ያለህ» ያለው ጎረቤት አሁን ደረጃ ላይ ሲያገኘው ስለ ውኃው ብቻ ነው የሚያወራው። ይህን ጊዜ ልብ በሉልኝ። ጄምስ ፖልሰን የተባለ ቨርጂኒያ የነበረ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ 28,004 ሰው የያዙ 43 ጥናቶችን አንድ ላይ ጨምቆ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ፣ ከእርግዝናው ጀምሮ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ከመቶ አባት ዐሥሩ ላይ ድብርት አገኘ፤ በትክክል 10.4 በመቶ። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ግን ቁጥሩ 25.6 በመቶ ደረሰ። ከአራት አባት አንዱ ማለት ነው፤ ያውም ጠያቂው ሁሉ በተበተነበት ወቅት። ደግሞም እናትየዋ ስትደበር አባትየውም አብሮ የመደበሩ ነገር በዚያው ጥናት ጎልቶ ታይቷል። አንድ ቤት ነው፤ አንድ አየር ነው የሚተነፍሱት።

የአራተኛው ወር ቀጠሮ ደረሰና ልጁን ይዞ ሆስፒታል ሄደ። ጀሶውን ሲሠራ የከረመው ባለሙያ ጎልማሳ፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። የልጁን እግር አገላብጦ አየ። ጫማው 23 ሰዓት ቢታሰር ኖሮ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚታይ ለስላሳ ምልክት አለ፤ የለም። እግሩም ትንሽ ወደ ውስጥ መመለስ ጀምሯል። ሕክምናው ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች ዋናው ይኸው ጫማውን መተው ነው።

«ቤት ውስጥ ማነው የሚያስርለት?» አለው።

«እኔ ነኝ።»

«ሌሊት ትፈታዋለህ?»

«ዘንጉ ግድግዳውን ይመታል። ከጎን ያሉት ይጮኻሉ። እሱም ያለቅሳል።»

«እሱ ሁሉም ቤት አለ። በጨርቅ ጠቅልሉት ብዬህ ነበር።»

ፎርማኑ ዝም አለ። ባለሙያው ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጣ በየቀኑ ይቆጣል፣ የሥራው አካል ነው። ቀና ሲል ግን አባትየው ሕፃኑን ሳይሆን የሳፋውን ውኃ ትክ ብሎ ሲያይ አገኘው።

«አንተስ፣ ወንድሜ? ደህና ነህ?»

«ጨጓራዬ ነው እንጂ ደህና ነኝ።»

«እንቅልፍስ?»

«ደከመኝ» አለ ፎርማኑ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ደጋግሞ እሱኑ አለ።

«አንተስ?» የሚለው ጥያቄ በመመሪያ የታዘዘ አይደለም። በልጁ ካርድ ላይ የእናት ስም አለ፣ የክትባት ቀን አለ፣ ክብደት አለ፤ «አባትየውስ እንዴት ነው?» የሚል መስመር የለም። ቡታጅራ ላይ በነፍሰ ጡሮችና በወለዱ እናቶች ድብርት ዙሪያ ለዓመታት የተለፋበት ምርምር ተሠርቷል፤ ያስመሰግናል፤ የተጠየቁት ግን እናቶች ናቸው። እኔ ከዚህ ሁሉ ቁጥር ውስጥ ከሁሉም የቆጨኝን ልንገራችሁ። ቀደም ብዬ ባነሣሁት የሚሺጋኑ ጥናት ውስጥ ድብርት ካለባቸው አባቶች 77 በመቶው ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ከልጃቸው ሐኪም ጋር ተነጋግረው ነበር። አልተደበቁም። ሐኪሙ ፊት ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

ባለሙያው ሥራውን አቆመ። ተራ የያዙት እናቶች አጉረመረሙ፤ ይሁን ብሎ ፎርማኑን ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍሏ ነርስ ራሱ ይዞት ሄደ። ነርሷ ያወጣችው ወረቀት በ1987 እ.ኤ.አ. ኤድንብራ ላይ ለወላድ እናቶች የተዘጋጀ ዐሥር ጥያቄ ነው። ለአባቶችም ያገለግላል፤ ብቻ ሲድኒ ላይ የተሠራ ጥናት ለአባቶች መለያ ነጥቡ በሁለት ዝቅ ማለት እንዳለበት አሳይቷል፤ ወንድ «አለቀስኩ» የምትለውን ጥያቄ ዘሎ የማለፍ ነገር አለበት። ፎርማኑም ዘለላት። ዐሥረኛዋ ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ የምትጠይቀው ናት። እሷ ላይ ቆየ። «አንዳንዴ» አለ። «ልጆቹ ትዝ ሲሉኝ እተወዋለሁ።»

ነርሷ አልደነገጠችም፤ ብቻውን እንዲሄድም አላደረገችም። ቀጥታ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ያባብሳል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ አያባብስም፤ ሰውየው ሸክሙን የሚያወርድበት ቦታ ያገኛል። ከእሱው ፈቃድ ጠይቃ ሚስቱ ጋ ደወለች። ሚስት ታክሲ ይዛ መጣች፤ ከወለደች ወዲህ ስለ ራሷ ጉዳይ ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የተቀመጠባቸውን ቀናት ያኔ ሰማች። «እኔስ ጠልተኸኝ መስሎኝ ነበር» አለችው። ነርሷ ለእሷም ያንኑ ወረቀት አወጣች።

መድኃኒት ተጀመረለት፣ ከነርሷ ጋር በየሳምንቱ መነጋገርም ተጨመረ። «እስኪያዝልህ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል፤ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብለህ እንዳትጥለው» አለችው። እሱም የፎርማን ነገር፣ በዚያ ሁሉ መሀል፦

«እህቴ፣ ይኼ እንክብል ሲሚንቶ ያመጣል?»

«ሲሚንቶ አያመጣም። እኔም ሥራ የምሰጥበት መንገድ የለኝም። ዕቁብህን ግን ሰብሳቢውን አናግረው፤ ስልኩን ገልብጠህ አታስቀምጠው።»

አናገረው። ሰብሳቢው ከተቆጣ በኋላ የሳምንቱን መዋጮ በግማሽ ዝቅ አድርጎ ጊዜውን አራዘመለት። ፎርማኑ አሁን በሌላ ሳይት የንብረት ጠባቂ ሆኖ ይሠራል፤ ደመወዙ ከቀድሞው ግማሽ አይሞላም፣ በዚህም ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አለ። ሆዱ በአብዛኛው ተሽሎታል። ሚስቱ ሕክምናውን ጀምራ አቋርጣ እንደገና ጀምራለች። የልጁ እግር ሁለት ጀሶ እንደገና ታሰረለት፤ ጫማው ደግሞ ከዜሮ ተቆጠረ። የጎረቤቱን ግድግዳ እንዳይመታ ዘንጉን በአሮጌ ካልሲ ጠቅልለውታል፤ ካልሲው የሚጣ ነው፤ «ያንዱ እግር የኔ ነው፣ መልሱልኝ» እያለች በየማታው ትሟገታለች።